አይቶ የወሰነ ሰው

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ፤ ደጅ ላይ ምን ያቆምዎታል? የወንድም ቤት እኮ የእህት ቤት ነው። ደረጃው እንዴት አደረገዎት? ሊፍቱ ከተበላሸ ሰንብቷል። እኔ እንኳ ልጅ በአንድ እጅ፣ የገበያ ዕቃ በሌላው ይዤ ስወጣው ስወርደው እግሬ ለምዶታል፤ ሰው የማይለምደው ምን አለ? እዚህ መስኮቱ ሥር ይቀመጡ፣ ነፋስ አለ። ከረጢቱን ለእኔ ይስጡኝ... ውይ፣ ምን ቢይዙ ነው እንዲህ የከበደው? ካፖርት? በዚህ ሙቀት? ... አይ፣ አልጠየቅኩም። ሰው ለሚወደው ሰው ብርዱ ሳይመጣ ካፖርት ቢገዛ ምን ነውር አለው? አርቆ ማሰብ ነው። እኔ ነኝ እንጂ ከአፍንጫዬ አልፌ የማላይ።

ልጂቱ ተኝታለች። ወንድምዎም እዚያ ውስጠኛው ክፍል ነው፣ ሥራ ላይ። ነገ በትልቁ አዳራሽ ስለ ግኝታቸው ይናገር የለ? እሱን ሲያዘጋጅ ነው። ኪቦርዱ ይሰማዎታል? እንደ ዶፍ ዝናብ ነው የሚያወርደው። በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ የልጁን ድምፅ ለመስማት። እውነቱን ነው፣ ይሰማታልም። ስታለቅስ ቀድሞ የሚሰማት እሱ ነው። "አለቀሰች እኮ" ብሎ ይነግረኛል።

ኧረ እሱን አይንኩት እትዬ... ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ጥቅል። አዎ፣ የልጂቱ ካልሲ ነው። አምስት ነው። ወንድምዎ ናቸው... ይቅርታ፣ ሰው ዝነኛ ሲሆን አንቱ ማለት ይቀናኛል... ወንድምዎ ነው የጠቀለለው። ጎረቤቶች እንኳን ደስ አለህ ሊሉት መጥተው፣ "ለመሆኑ ያገኛችሁት ነገር ምንድን ነው?" ሲሉት ጊዜ ካጠብኩት ልብስ መሀል ካልሲዎቿን አነሳና አስረዳቸው። ሰውም ሆነ ድንጋይ፣ ውስጥ ውስጡን ቢፈለፍሉት ኳርክ የሚባል ነገር ይገኛል። ኳርክ ብቻውን አይኖርም፤ ወይ ሁለት ሁለት፣ ወይ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው። እነሱ ያገኙት ደግሞ አምስት ሆኖ የተቃቀፈውን ነው። አራቱን ካልሲ በደህናው በኩል፣ አንዱን ገልብጦ ጠቀለላቸው፤ የተገለበጠው ጸረ-ኳርክ፣ የኳርክ ተቃራኒው መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሉ አይፈታም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይፈለጋል። ልጂቱም ለሳይንስ ስትል አንድ እግሯን ባዶ ትሄዳለች። ምን ይደረግ፣ አምስት ጎዶሎ ቁጥር ነው።

ሻይ ይጠጡ፣ ይቀዘቅዛል።

የሚገርመኝ እኮ ትዕግሥታቸው ነው። ከመሬት ሥር ባለው ክብ ዋሻ ፕሮቶንን ከፕሮቶን ጋር ሲያጋጩ ይውላሉ፣ ሲያጋጩ ያድራሉ። ከግጭቱ ስብርባሪው ይረጫል። አዲሱ ቅንጣት ከዚያ መሀል ይወለድና ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ይሞታል። ማንም አላየውም እኮ እትዬ። ማንም። የሚያዩት ትቶት የሄደውን ስብርባሪ ነው። ያንን ለቅመው፣ ክብደቱን ደምረው ግራፍ ላይ ያኖራሉ፤ አንድ ዓይነት ክብደት ደጋግሞ ከመጣ ግራፉ ላይ ጉብታ ይነሳል። "እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበረ" ይላሉ። እንዴት ያለ ዕውቀት ነው? የሌለን ነገር በተወው ዝርክርክ ማወቅ... እኔም ወንድምዎ እቤት ገብቶ እንደነበረ የማውቀው በዚሁ ዘዴ ነው። መታጠቢያው ላይ ጢም፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ። በግምት ሳይሆን በማስረጃ።

ደግሞ ሕጋቸው። ይህን ሕግ ስሰማ ነው እኔ ሰውየውን... ማለቴ ሥራውን ያከበርኩት። ሰው ምኞቱ ዓይኑን ያታልለዋል ይላሉ። ስለዚህ ጉብታው ይነሳበታል ብለው የሚጠብቁትን የግራፉን ቦታ አስቀድመው ይሸፍኑታል። ማንም አይገልጠውም፣ አለቃም ቢሆን። ከዚያ ወንፊታቸውን ያበጃሉ፤ የትኛው ስብርባሪ ይቀመጥ፣ የትኛው ይጣል የሚለውን። ሁሉም ከተስማማ በኋላ፣ ወንፊቱም እንግዲህ አይነካም ከተባለ በኋላ፣ ያኔ ሽፍኑ ይገለጣል። የወጣው ይወጣል። ጉብታም ቢሆን፣ ሜዳም ቢሆን አሜን ብሎ መቀበል ነው።

አንድ ባልደረባቸው፣ ቁመተ ረጅሙ፣ ታዲያ አላስችል ብሎት ሽፍኑን ገለጥ አድርጎ አየ። አየና ወንፊቱን ትንሽ፣ እንዲያው ለአመል ያህል፣ ሰፋ አደረገው። ጉብታውም እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ስብሰባው ሁሉ ደስ ብሎት ሊያጨበጭብ ሲል ማን ተነሳ ይመስልዎታል? ወንድምዎ። "አይቶ የወሰነ ሰው አልለካም" አላቸው። ይህችኑ ብቻ።  የስንት ወር ድካም ተጣለ፤ አዲስ ግጭት፣ አዲስ ወንፊት፣ አዲስ ሽፍን ተብሎ ከሀ ተጀመረ። እሱም አልተጠላበትም፤ እንዲያውም ሐቀኛ ተብሎ ስሙ ወጣ። እኔም እቤት ሆኜ ኮራሁ። ወሮቹ ከየት እንደሚመጡ አልጠየቅኩም። ሐቅ ወር አይቆጥርም አይደል?

ስለ ሐቅ ካነሳን አይቀር... አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ስሟ ይቅር፤ ሐሜት እንዳይሆንብን። ዝምተኛ ናት፣ እንደኔ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት እውነት ቢሆን እሷና እኔ ይሄኔ ወርቅ ቤት ከፍተን ነበር። የእሷም ባል ቅንጣት አዳኝ ነው። ይገርምዎታል አይደል? ዘንድሮ ቅንጣት አዳኝ በዛ። ደግሞ ወንድምዎ መስሎዎት እንዳይቀየሙኝ፤ የወንድምዎን ባሕርይ እርስዎም እኔም እናውቀዋለን።

ይቺ ሴት ፋርማሲ ትማር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆዷ ገፍቶ ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ አላስጠጋ ሲላት አቋረጠች። ባልና ሚስት ተስማሙ። ስምምነቱ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የእሱ ቅንጣት ይገኝ፣ ሽፍኑ የተገለጠ ዕለት ተራው የእሷ ይሆናል። እሷ ትማራለች፣ እሱ ማታ ማታና ከሰዓት ልጅ ይይዛል። ትምህርት ቤቷም ቦታዋን ይዞላት ይቆያል። ግን እስከ ዕለተ ምጽአት አይደለም እኮ፤ እስከዚህ መንፈቅ ነው። ይህ ካለፋት የተማረችው ሁሉ እንዳልተማረች ይቆጠርና ከአንድ ትጀምራለች። ልጅ ታቅፎ ከአንድ መጀመር ማለት ደግሞ... እርስዎ ልጅ አሳድገዋል፣ ምን ልንገርዎ?

ቅንጣቱ ከመገኘቱ በፊትም አልፎ አልፎ ትጠይቀው ነበር። ቀስ አድርጋ፣ እግረ መንገዷን። ሰውየው ጨካኝ አይደለም፤ እምቢ ብሏት አያውቅም። "ልጂቱ ትቀመጥና" አላት። ልጂቱ ተቀመጠች። "መቼም ሳትሄድ ጥለሻት አትወጪም" አላት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? ያቺ እንቁላል ሄደች። ሮጠች። ግድግዳ ላይ በእርሳስ ጻፈች። "ጡት ስትተው" ሆነ፤ ጡት ተወች። "አፍ ትፍታና" ሆነ፤ አፏን ፈታች፣ ያውም "አባ" በማለት። ወንፊቱ ግን እትዬ፣ ልጂቱ ባለፈች ቁጥር ቀዳዳው ይጠብባል። እኔ ይህን ስሰማ ወንድምዎ ትዝ አለኝ። እሱ ቢሆን እዚያች ቤት ገብቶ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ተነስቶ አንዲት ቃል ተናግሮ ሁሉን ያስጥላቸው ነበር። ግን እሱ የሚነሳው ስብሰባ ላይ ነው። ማእድ ቤት ውስጥ ስብሰባ የለም።

ደግሞም እኮ አልፈርድበትም። ሰው ሥራ ቦታው ላይ ይህን ያህል ሐቀኛ ከሆነ እቤቱ ሲገባ ሐቁ ቢያልቅበት ምን ይገርማል? ቀኑን ሙሉ ሲያወጣው ውሎ!

ቅንጣቱ ተገኘ። ሽፍኑ ተገለጠ፣ ጉብታው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። መሥሪያ ቤቱ ድግስ አደረገ፤ ሚስትም ልጇን ታቅፋ ሄደች። ያለችኝን ልንገርዎ። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ተኮሰች፤ ያ ቀን የእሷም ቀን ነዋ። አዳራሹ ውስጥ ሰዉ የወረቀት ኩባያ ይዞ ይሳሳቃል። ጢማሙ አለቃ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። "እንዳንቺ ያለች ሚስት አላየሁም" አላት። "ሌላውን ሁለት ዓመት እሺ ማለትሽን ነግሮናል።"

የምን ሁለት ዓመት?

አልጠየቀችም። ለካ ሰውየው ሌላ አገር፣ ሌላ ዋሻ ሊሄድ ፈርሟል። ያ ቅንጣት ወንድሞች ሳይኖሩት አይቀርም፤ እነሱን ሊፈልግ ነው። ሚስትና ልጅም አብረው ሊሄዱ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉ... ኧረ ካፖርቱ እንዴት ያለ ወፍራም ነው እትዬ? ሱፍ ነው አይደል? ዳብሼው ነው፣ ዝም ብዬ።

"ምንም አይደለም" አለችው ለአለቃው። ሳቀችም። ልጂቱ ከወረቀት ኩባያው ልትጠጣ ስትታገል እጇን ያዘቻት። ባሏ እዚያ ማዶ ቆሞ ቅንጣቱን ለሰው በእጁ ያሳያል፤ አምስት ጣት ዘርግቶ። ዓይኑ ከዓይኗ ሲገናኝ ፈገግ አለላት። እስኪ ይፍረዱ፤ ለአለቃ ተነግሯል፣ ለጸሐፊዋ ተነግሯል፣ ምናልባት ለእህትም ተነግሮ ይሆናል... ማን ያውቃል? አይ፣ እህቱስ አልሰማችም። ሰምታ ቢሆን ዝም ትላለች? ደግ ሴት ናት ይሏታል፤ ለእንግዳ እንኳ የምትራራ። እሺ ማለቷን ያልሰማች እሺ ያለችው ሴት ብቻ ናት።

ኪቦርዱ ቆመ መሰለኝ። ... አይ፣ እያሰበ ይሆናል። ትልቅ ሰው ሲያስብ እንዲህ ጸጥ ይላል።

እኔን የገረመኝ ሰውየው ሕጉን ከነነፍሱ ማወቁ ነው። ሽፍን እንዴት እንደሚበጅ ያውቃል፤ ለሚስቱ አበጀላት። የወጣው ምን እንደሆነ ግን እሱ አስቀድሞ አይቶታል፣ ፈርሞበታል። አሁን ወንፊት እየፈለገ ነው። "ደስታዋን እንዳላደፈርስባት ምቹ ጊዜ እየጠበቅኩ ነው" ብሏል አሉ ለጓደኛው። እንዲህ ያለ አሳቢ ከየት ይገኛል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእነሱ ቤት ንጋት ብቻውን ነው የሚጠራው።

ከዚያ ማታ ምን አለች መሰለዎት? ምንም። ኳርክን ስለመለየት ጠየቀችው። እሱም ደስ ብሎት አስረዳት። ኳርክን ከጓደኛው ነጥለው ሊያወጡት ቢጎትቱት አይወጣም፤ እንዲያውም የጎተቱበት ጉልበት ራሱ ሌላ ኳርክ ይሆንና የተነጠለው ሳይውል ሳያድር ይጣመራል። በዓለም ላይ ብቻውን የቀረ ኳርክ ታይቶ አያውቅም። እንዴት ደስ ይላል እትዬ... ያ ሁሉ ትንሽ ነገር፣ ዓይን የማያየው፣ ብቻውን አይቀርም። ብቻዋን የምትቀር ለካ ሚስት ብቻ ናት። እሷን ገና አላጠኗትም።

አያ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉት ለበሬ ነው። ለአዋቂ ሰው አይባልም። አዋቂ ሰው ገደሉንም ያያል፤ ሚስቱን ከፊት ያስቀድማል።

ደግሞ ብቻውን ያገኘው መስሎዎት እንዳይሆን። ግኝቱ የታተመበትን ወረቀት አሳይታኛለች፤ የስሙ ብዛት ከጽሑፉ ይበልጣል። በፊደል ተራ ነው የሚደረደረው። ታች ወርደው፣ ገጽ ገልጠው፣ እንደገና ወርደው ነው ስሙን የሚያገኙት። ጎረቤት ሁሉ "አባትየው" ይለዋል፤ የቅንጣቱ አባት። ይሁን፣ ደስ ይበለው። ቅንጣቱ እንግዲህ አባት አልጎደለበትም፤ አንዱ ቢቀር በፊደል ተራ የሚቀጥለው ይነሳለታል። ልጂቱ ናት አንድ ብቻ የደረሳት... እሱንም ዝርዝሩ መሀል ነው የምትፈልገው።

ኧረ ይጠጡ እትዬ፣ ምነው ብርጭቆውን ብቻ ያያሉ?

ሴቲቱ ታዲያ ምን አደረገች አይሉኝም? እሷም ተማረች። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ተኖሮ ሳይማሩ መቅረት ነውር ነው። አስቀድማ ወንፊቷን አበጀች። "ነግሮኝ ቢሆን፣ ቁጭ ብለን ተነጋግረን ቢሆን እሄድለት ነበር፤ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ከነገረኝም እሄዳለሁ። ካልነገረኝ አልሄድም" አለች ለራሷ። ቀዳዳውንም አላሰፋችም፣ አላጠበበችም። ሸፈነችውና ጠበቀች። ቁርስ አቀረበች፣ ሸሚዝ ተኮሰች፣ አፉ ሲከፈት ባየች ቁጥር እጇን ከሥራ አቆመች። የተከፈተው "ጨው የለም?" ለማለት ነበር።

ሳምንቱ አለቀ። ሽፍኑን ገለጠችው። ሜዳ ነው።

ልጇን አዝላ ትምህርት ቤቷ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "ጠፋሽ እኮ" አለቻት። "አልጠፋሁም፣ ተሸፍኜ ነው" አለቻት። ተመዘገበች። ሰኞ ከሰዓት ትጀምራለች። ሰውየው አያውቅም። እንዴት ይነገረዋል? ውጤቱ አስቀድሞ ሲነገረው ዓይኑ ይታለላል። ደስታውንም እንዳታደፈርስበት ምቹ ጊዜ እየጠበቀች ነው።

ልጂቱማ ከአባቷ ጋር ትውላለቻ። ይከብዳል ይላሉ? ከዓይን ጥቅሻ በፊት የሚሞት ነገር ለቅሞ የሚያገኝ ሰው፣ ቤት ውስጥ ስትሮጥ የምትውል ልጅ ይጠፋበታል? ወተቷ የት እንዳለ፣ ስትወድቅ የቱን ጉልበቷን እንደምታሻሽ አያውቅም እንዳይሉኝ። ያውቃል። ባያውቅም ስብርባሪውን አይቶ ይደርስበታል። ወይም ብርዱ አገር ብቻውን ይሂድ፤ መንገዱ ክፍት ነው። እሷ አትከለክለውም። ማንም ማንንም አልከለከለም።

አሁን የእኔን ነገር ልንገርዎ፣ በሰው ወሬ ያዝኩዎት። ሰኞ ከሰዓት እኔም ትንሽ መንገድ አለብኝ። ከዚያም ማክሰኞ። ከዚያም... ብዙ ጊዜ ይቆያል። እርስዎ ከመጡልን አይቀር እስከዚያ ቢሰነብቱ ወንድምዎ ሰው አያጣም። አምስት ካልሲ የሚጠቀልል ሰው የቀረውን አንዱን እግሯ ላይ ማጥለቅ አያቅተው ይሆናል፤ ግን ጀማሪን ማበረታታት ጥሩ ነው። ካፖርቱን እዚያው በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለሚበርደው ይሁን።

ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ ሰሙ? ተነሳ መሰለኝ። አይዞዎት፣ የእሱ ስም አልተነሳም፤ ነገሩ የሌላ ሰው ነው። ያን ሰውዬ እኔ በክፉ አላነሳውም። አንድ ነገር ነው የምመኝለት፣ ከልቤ፣ እናት ሆኜ። የሚፈልገውን ቅንጣት ሁሉ ይስጠው፤ ስሙን ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያውጣለት። ልጁንም ያሳድግለት። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያት፣ "አለቀሰች እኮ" የሚልላት ልጁ ናት። ትማርለት፣ ሳይቋረጥባት ትማርለት። ለወግ ለማዕረግ ትብቃለት። ያኔም ፈጣሪ ዕድሏን ያቅናውና፣ ሰዎች ጠዋት ማታ የሚያሞግሱት፣ ቃሉ የማይታጠፍ፣ ልክ... ልክ እንደ አባቷ ያለ ባል ይስጣት።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ።

ምነው... እዚያ በሩ ሥርስ፣ ለልጂቱ አሜን የሚልላት ጠፋ?